በመጽሐፉ ዳር ያገኘሁት ምልክት

ስለ ሥራና ስለ ኑሮ የሚያወራውን መጽሐፍ ከነሽታው አዲስ አድርጌ ነው የገዛሁት። ግማሹን አነበብኩና ሥራ በዛብኝ፤ ወር ያህል ቤት ጠረጴዛ ላይ አቧራ ለብሶ ከረመ። በኋላ ለባልደረባዬ አዋስኩት። ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን ለሱቅና ለክሊኒክ ሶፍትዌር የምንሠራው እኔና እሱ ብቻ ነን።

መጽሐፉን ሲመልስልኝ ካቆምኩበት ገጽ ቀጠልኩ። እዚያ ነው ምልክቶቹን ያየሁት። አንዳንድ መስመሮች ሥር በስሱ በእርሳስ ተሰምሯል፤ ዳር ላይ ደግሞ ጅራቷ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ትንሽ ራይት አለች። የተሰመረበትን ለቅሜ አነበብኩ። አንዱ ከሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እየዋሉ ብቻን ስለመሆን ነው። ሌላው፣ ነገር ሲበቃ በቃ ማለትን ስለመልመድ።

ሊሄድ ነው፣ አልኩ በልቤ።

ጠርጣራ ነኝ፤ አልዋሽም። እንጀራዬም ይህንኑ ያለማምዳል። አንድ ፕሮግራም አልሠራ ሲል መጀመሪያ የማየው ሌላው ሰው የጻፈውን ነው። ስለዚህ ባልደረባዬን እንደ ፕሮግራም መመርመር ጀመርኩ። ስልክ ሲደወልለት ኮሪደር ይወጣል። ወጥቶም በሲዳምኛ ያወራል፤ እኔ ደግሞ ሐዋሳ ተወልጄ አድጌ ከሰላምታ ያለፈ አልሰማም፣ በዚህም ሁሌ አፍራለሁ። አንድ ቀን የቢሮው ኪራይ ውል መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀኝ። ሌላ ቀን ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። እሱ ከሄደ ቢሮው አንድ ወር አይቆምም፤ ደንበኞቹን የሚያውቃቸውም የሚወዱትም እሱን ነው። ምሳ በወጣበት የሠራነውን ሁሉ ወደ ራሴ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ተመልሶ ሲመጣ ሳምቡሳ ይዞልኝ ነበር። በላሁት።

አርብ ዕለት አላስችል አለኝ።

«ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«የት?»

መጽሐፉን ገልጬ ፊቱ አስቀመጥኩ። አየውና ሳቀ።

«እኔ እኮ አርባኛው ገጽ ላይ ነው የተኛሁት። እውነቱን እንዳልነግርህ አፍሬ ነው።»

«ኮሪደር እየወጣህ የምታወራውስ?»

«እናቴን ነዋ። ጆሮዋ አይሰማም፣ እዚህ ሆኜ ልጩህብህ?» አለና መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። «ይቺን ራይት ግን አውቃታለሁ። የልጄ ደብተር ላይ በየቀኑ አያታለሁ።»

ልጁ ሦስተኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ ባለቤቴ ናት።

ጃኬቱን አንስቶ ደንበኛ ጋ እደርሳለሁ ብሎ ወጣ፤ ቀጠሮ እንዳልነበረው ሁለታችንም እናውቃለን። የተሰመረባቸውን እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኳቸው። ያ ሁሉ የተሰመረው ስለ ቢሮ አልነበረም። ያፈርኩትን ማፈር ለማንም አልነግርም፤ ይኸው እዚህ ጻፍኩት እንጂ። ባለቤቴ ስንት ዓመት ሙሉ ቤት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ደብተር ስታርም፣ የተማሪዋ አባት የሚያውቃትን ራይት እኔ አላውቃትም።

ባጃጅ ይዤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤቴ ሄድኩ። እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ ደብተር ቆልላ ታርማለች። እኔም እንደ ወትሮው ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ጥቂት ቆይቼ ዘጋሁት።

ቀና ሳትል፣ «ባትሪ ጨረሰ እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ አልጨረሰም።»

እጇ ደብተሩ ላይ ቆመ። ቀዩን እስክሪብቶ ሳታስቀምጥ ቀና ብላ ዘለግ ላለ ጊዜ አየችኝ፤ ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ ሰሞኑን ባልደረባዬን ሳየው የከረምኩት እንደዚያ ነው።