ለደሳለኝ የተቀመጠ ቀንበጥ

ባለፈው ሰሞን ለዘመድ ሠርግ ሞጣ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ካለ ሱቅ ውኃ ልገዛ ስገባ፣ በረንዳው ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ነገር ቀሚሴን ነካውና ሽታው ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። ጽጌረዳና ሎሚ አንድ ላይ የታሹ የሚመስል፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ደጋግሞ የሚስበው ሽታ ነው። ባለሱቋ ደስ ብሏት አንድ ቅጠል ቀነጠሰችና "አሽቺው እስቲ፣ ጄራኒየም ነው፤ ምን ሽቶ ይደርስበታል!" ብላ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። እኔ ግን አመስግኛት ወጣሁና ጥቂት ራቅ ስል በገዛሁት ውኃ እጄን ታጠብሁ።

ባደግሁበት ቢቸና የዚህን ተክል የመጽሐፍ ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ እኛ "የሞጣዋ" ነበር የምንላት። እናቴ ስንዱ ለገበያ ሞጣ ሄዳ ካደረችበት ከአንዲት ሙስሊም ወዳጇ ቤት አንድ ቁራጭ ለምና፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በጉያዋ ይዛት የመጣች ናት። ከዚያች ከአንዷ ቁራጭ የዘይት ቆርቆሮው፣ የወተት ጣሳው፣ አፉ የተሸረፈው እንስራ፣ እኔ በሕፃንነቴ የታጠብሁበት ቀዳዳ ሳፋ ሳይቀር ተራ በተራ ሞሉ። እናቴ የጣሳውን ቂጥ በምስማር ትበሳለች፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ትደባልቃለች፤ ቁራጩን ግን ወዲያው አትተክለውም፣ የተቆረጠበት እንዲጠግግ ጥላ ውስጥ ታሳድረዋለች። "ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር የገባ ይበሰብሳል" ትላለች። ውኃ ስናበዛባት ደግሞ "ዓሣ መሰለቻችሁ እንዴ!" እያለች ማጠጫውን ከእጃችን ትነጥቀናለች።

ወዳጇ ከቁራጩ ጋር አንድ ነገር ነግራት ነበር፤ በእነሱ ዘንድ ሬሳ የሚታጠብበት ውኃ መልካም ሽታ እንደሚጨመርበት። እናቴም አንዲት ጎረቤታችን አሮጊት ባረፉ ጊዜ ቅጠሏን ለቅማ ለገናዦቹ ሰጠች፤ ለብ ባለው ውኃ ውስጥ አሽተው ቢጨምሩት ቤቱ በሙሉ አወደ፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ሰው ያለ የሞጣዋ መገነዝ እንደ ነውር ተቆጠረ። ሥርዓትም ወጣለት። ቅጠል የሚጠይቅ ሰው ግቢ አይገባም፣ አይቀመጥም፣ ሰላምታ አያበዛም፤ ከበሩ ቆሞ "ቅጠል" ይላል፣ እናቴ ለቅማ ትሰጣለች፣ ምስጋናም የለም። ለማን ነው ተብሎም አይጠየቅም፤ ከቤቱ ርቆ የሞተ ሰው ቤተሰብ ገና አልሰማምና፣ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ሄደው እስኪያረዱት ድረስ ወሬው ከእኛ ቤት እንዳይወጣ ነው።

እናም ሞት በሰፈራችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ እኛ በር ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ መጥታ፣ ነጠላዋን ለማስተካከል ከበሩ ላይ ቆም ብትል፣ እናቴ የያዘችውን ሰፌድ ከነምስሩ ለቀቀችው፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ገና ከመንገዱ "ለወንፊት ነው! ለእሳት ነው!" እያለ መጮህ ለመደ፣ አላፊ አግዳሚውም ያበዱ ይመስለው ነበር። እኛም በዚህ እንስቃለን። ሳቃችን ግን የቀን ብቻ ነው። ቅጠል በተወሰደ ማግሥት ገና ሳይነጋ እነቃና፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ዋይታው ከየት በኩል እንደሚነሣ አዳምጣለሁ፤ ራቅ ካለ እተነፍሳለሁ፣ ከቀረበ ጆሮዬን እደፍናለሁ። አንድ ቀን ገመድ አብራኝ ስትዘል የዋለች ጓደኛዬ፣ እኛ ስንስቅና ስንዘል እናቷ በሕይወት እንዳልነበሩ ያወቅሁት እንዲሁ ተኝቼ በማዳመጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ቅጠል በተወሰደ ቀን ከማንም ጋር መጫወት ፈራሁ።

ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ሞጣ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ የእናቴ ተስፋ እሱ ነበር፤ በመጣ ቁጥር ቅንድቡ ላይ የቀረውን ዱቄት በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች "አንተ ሳትሸመግል ሸበትህ" ትለዋለች፣ እሱም ሆን ብሎ ሳይታጠብ የሚመጣ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ከወፍጮ ቤቱ ጓዳ ወጥቶ የራሱን ቤት ሊከራይ እንደሆነ፣ ለጥምቀት መጥቶም ለደጁ የሞጣዋን ሊወስድ እንደሚፈልግ ላከባት። እናቴ የዓለምን ደስታ አገኘች፤ በዚያው ሳምንት ቆርቆሮ ስትበሳ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ግን ክፉ ውርጭ ወረደ። እናቴ ማታ ማታ ጆንያ ብታለብሳቸውም አልሆነም፤ አንድ ማለዳ ስንወጣ ቅጠሉ ሁሉ ጠቁሮና ተኮማትሮ አገኘነው፣ ሽታውም የተቀቀለ ሣር ሽታ ሆኗል። ግድግዳ ተጠግታ የነበረችው ሳፋ ብቻ ተረፈች፤ ከአናቷም ለጋ ቀንበጥ አቆጠቆጠች። እናቴ ቀንበጡን በቀይ ክር አሰረችና ማንም እንዳይነካው፣ የደሳለኝ እንደሆነ አስጠነቀቀችን።

ጥምቀት ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አያ ታከለ ከበሩ ቆሙ። የሰፈሩን ወንዶች የሚገንዙ ረጅም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። እኔን ልብ ብለው አይተውኝ አያውቁም ነበር፤ ያን ዕለት ግን እጃቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

"ቅጠል" አሉ።

እናቴ ከየቆርቆሮው ውርጭ ከመታው የሚሻለውን እየመረጠች ለቀመችላቸው። እሳቸው ግን አልተቀበሏትም፤ ሳፋዋን ያያሉ።

"ከአናቷስ፣ ስንዱ?"

ከዚያ በፊት አንድም ቀን ቅጠል አማርጠው አያውቁም።

"እሱን እንኳ ይተዉልኝ፣ አያ ታከለ። የደሳለኝ ነው፤ ለጥምቀት ሲመጣ ይወስደዋል።"

ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። የሆነ ነገር ሊናገሩ መስሎኝ ነበር፤ ከሥርዓቱ ግን አልወጡም፤ "ይሁን" ብለው የጠቆረውን ቅጠል በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ቁልቁል ሄዱ። እናቴም "ምነው ዛሬስ ሽማግሌው ደከሙ" እያለች ወደ እራቷ ተመለሰች።

ደሳለኝ በዚያን ዕለት ጠዋት እህል ሊያመጣ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገልብጦ ሞቶ፣ ሬሳው ከሰፈራችን ቁልቁል ካለው አጎታችን ቤት ገብቶ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ማለዳ ነቅቼ ዋይታው ከየት እንደሚነሣ ሳዳምጥ፣ የብዙ ሰው እግር ግቢያችን ውስጥ ሰማሁ። የሽማግሌዎቹ ሳል ተሰማ፣ ከዚያ የእናቴን ስም ጠሩ።

ከቀብሩ በኋላ ሰው አያ ታከለን ወቀሰ፤ ለገዛ ልጇ መገነዣ እንዴት እሷኑ ያስለቅማሉ ተባለ። እሳቸው ግን "የሰው ሁሉ ልጅ በእሷ ቅጠል ታጥቦ የእሷ ልጅ በባዶ ውኃ ይታጠብ?" አሉ። እናቴ አልወቀሰቻቸውም። እሷን የበላት ሌላ ነበር፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ እጁን ይዛ "ለማያውቁት ሰው መስሎኝ ለልጄ ውርጭ የመታውን ሰጠሁት፤ ለጋውን ከእሱው ላይ ነፍጌ ለእሱ አስቀመጥሁ" ትላለች።

የሞጣዋ በክረምቱ ዝናብ እንደገና አገገመች፤ እናቴ ግን ያቺ የድሮዋ አልሆነችም። "ቅጠል" የሚል ድምፅ ሲመጣ፣ ስሙን ለማታውቀው መንገደኛ ቢሆን እንኳ፣ ቀንበጡን ከነአናቱ፣ ግንዱን ከነአንጓው እየገነጠለች ትሰጣለች፤ ለዘር እንኳ ጥቂት አስቀሪ ብላት "ደግሞ ለማን ልቆጥብ?" አለችኝ። ዳግመኛም ቁራጭ አልተከለችም። ትንሽ ቆይቶ በየቆርቆሮው የቀረው የደረቀ እንጨት ብቻ ሆነ፣ አያ ታከለም አረፉ፣ ዛሬ ደግሞ መርዶው በስልክ ስለሆነ ከደጃችን የሚቆም ሰው የለም። ያ የሚያስፈራኝ ሥርዓት ሲቀር ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሆነም።

እናቴ ያረፈችው አምና ነው። ገናዦቹ ሴቶች ውኃውን ለብ አደረጉና፣ ከመካከላቸው የድሮውን የምታስታውስ አንዲት አሮጊት ወደ ጓሮው ወጣ ብላ ቆየች፤ ባዶ እጇን ተመለሰች። ጎረቤት ለጎረቤት ተጠየቀ፣ ከእሷ ቁራጭ የወሰደ ማንም አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የወሰደው ለሬሳ ነበር። ከሱቅ ሳሙና አስመጣሁ፤ በእሱ ታጠበች።