ባዶ የተውኩት የድድ መስመር

ባለፈው እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ... ፎረስት ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ በልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ እኔና ቡቺ ብቻ ነበርን።

ቡቺ የልጄ የሠናይት ውሻ ናት። እንዳትወልድ ተብሎ ዓርብ ዕለት በቀዶ ሕክምና ማህፀኗ ወጥቷል። ሠናይት ኒው አልባኒ ካለው ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ፣ ሥራ ስለገባች፣ ጥበቃው ለእኔ ደረሰ።

ሐኪሟ አደገኛ ምልክቶችን የዘረዘረ ወረቀት ሰጥታናለች። እኔ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሠንጠረዥ ሳልሠራ አይሆንልኝም። ቁስል፣ ምግብ፣ ትንፋሽ፣ ድድ ብዬ አሰመርኩና በየሰዓቱ መመዝገብ ጀመርኩ።

ቁስሏ ደረቅ ነው። ምግብ አልነካችም... ትናንትም ብዙ አልበላችም። ትንፋሿ ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ቤቱ ሞቆ ነው ብዬ አለፍኩት።

ድድ ላይ ስደርስ ግን እጄ ተያዘ። ጠዋት ቆርቤ ነበር። ሥጋ ወደሙ ተቀብዬ በዚያው ቀን የውሻ አፍ ልነካ? ነገ አየዋለሁ ብዬ ባዶውን ተውኩት። አራት ጊዜ።

ሠናይት በእረፍቷ ደወለች። የመዘገብኩትን በቅደም ተከተል ሳነብላት አላስጨረሰችኝም።

«ድዷስ አባዬ? ፒንክ ነው?»

«አላየሁትም።»

«ለምን?»

«ቆርቤያለሁ እኮ ልጄ።»

ከኋላዋ የማሽን ድምፅ ይሰማኛል። ቀጥላ ቀስ ብላ፣ «እባክህ አባዬ... ከንፈሯን ገለጥ አድርገህ እየው» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ተንበርክኬ ገለጥኩት። ከንፈሯ ቀዝቅዟል። ድዷ እንደ ጠመኔ ነጭ ነው። ስነካት ዓይኗን እንኳ አላነሳችም።

በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መኪናው ውስጥ አስተኛኋት። ቀይ መብራት በያዘኝ ቁጥር ዞሬ ሆዷ ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ። የእንስሳት ሐኪም ቤቱ ድንገተኛ ክፍል እንደደረስን ነጥቀውኝ ገቡ። ውስጥ ለውስጥ እየደማች ነበር፤ እንደገና ሊከፍቷት ነው።

ሠናይት የሥራ ሰደርያዋን ሳታወልቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሠንጠረዡን ከእጄ ወሰደችና አየችው። አራቱን ባዶ ቤቶች አየች። ከዚያ አጣጥፋ መለሰችልኝ። የከፈታት ሐኪም እስኪወጣ የጠበቅኩትን ያህል የረዘመብኝ ጊዜ የለም።

የሚደማውን የደም ሥር አግኝተው አስረውታል። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ግን አልቆላት ነበር አለን።

በማግስቱ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። በቆረብኩበት ቀን እጄን የት እንደከተትኩ አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ። አባ እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ፣ «ውሻዋ ተረፈች?» አሉኝ።

ተርፋለች አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ንስሐ ሰጡኝ፤ ስለነካኋት ሳይሆን ስለዘገየሁባት።