አሥራ ሁለቱ አሃዞች

ከቡሬ ወደ መቱ ያመጡኝ ከክፍል አስወጥተው ነው፤ የጠመኔው ብናኝ ከእጄ ላይ አልለቀቀም ነበር። የከተቱን ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን እንደነበረች ሽታዋ ይናገራል። አሥራ ስምንት ነበርን። መስኮት የላትም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎንህ የተቀመጠው ሰው የሚያወራው እንኳ አይሰማም። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ደብተሬ ተገልብጦ ተቀምጧል። የጀርባ ሽፋኑ ላይ በእጄ የጻፍኩት ቁጥር አለ፦ 200560490130።

«ባርሲሳ፣ ይሄ የማን ስልክ ነው?» በኦሮምኛ መምህር ማለቱ ነው፤ አክብሮት ግን አልነበረበትም።

«ስልክ አይደለም።»

«ሰው ደብተር ሽፋን ላይ ከስልክ ሌላ ምን ይጽፋል? ሃያ የግብፅ ኮድ ነው። አሥራ ሁለት አሃዝ፤ ቆጥሬዋለሁ።»

እውነቱን ነው፤ በእኛ አገር ሽፋን ለስልክ ነው። እኔ ሞኙ ግን ወረቀት ሲያልቅብኝ እዚያው አባዛሁ።

አስረዳሁት። ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉት ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንዱ፣ ከሁለት እስከ ሠላሳ አንድ ያሉት፣ ሲባዙ ይህን ይሰጣሉ። አንድ ከጨመርክበት ደግሞ ከአሥራ አንዱ ለአንዱም አይካፈልም፤ ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል። ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ለተማሪዎቼ ላሳይበት ነበር።

ስልኩን አወጣ። «ጥራቸው።»

ጠራሁለት፤ እየነካ አባዛ። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ ስልኩን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። ከዚያ ኪሱ ከተተው።

«እሺ። አሁን ስም ጻፍ» አለና ወረቀት ገፋልኝ። የሚፈልገውን ስም ራሱ ነገረኝ። ደብተሩን የሸጡልኝ የቡሬው ባለሱቅ ናቸው፤ ልጃቸው ካይሮ ይማራል። «ቁጥሩን ባለሱቁ ነው የሰጠኝ ብለህ ፈርም፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ባለቤቴ ወሯ ገብቶ ነበር። አልዋሽም፣ ስማቸውን ልጽፍ እጄ ሄዶ ነበር። እኒያ ሽማግሌ ግን ከዱቄትና ከስኳር በቀር በምን ይከሰሳሉ? «የስልኩ ባለቤት» ከሚለው ፊት እንዲህ ብዬ ሞላሁ፦

2 × 3 × 5 × 7 × 11 × 13 × 17 × 19 × 23 × 29 × 31

ከሥሩ ፈረምኩ፤ ፊርማዬን አሳምሬ።

በጥፊ መታኝ። ግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አይሰማም። አምስት ወር ቆየሁ፤ ልጄ በሌለሁበት ተወለደች። ባለሱቁን ግን ማንም አልነካቸውም።

አሁን መርማሪው መቱ መናኸሪያ አካባቢ ያጋጥመኛል። ፈገግ ብሎ እጁን ይዘረጋል፤ አልጨብጠውም። ሰዎች ቂመኛ ነህ ይሉኛል። ነኝ። ሳይገባው አስሮኝ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን በገዛ ጣቱ አባዝቶ፣ ልክ መሆኑን አይቶ ነው ወደዚያች ክፍል የመለሰኝ።