የወገራ አፈር አከማቾች

እጅጋየሁ ጎንደር ውስጥ በአንድ የጤና ማሠልጠኛ ላቦራቶሪ ትሠራ ነበር። ሰው ሁሉ በሳቅ ሲፈርስ እሷ ፊቷን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርጋ ትቀመጣለች፤ ያሳቀቻቸው ግን ብዙውን ጊዜ ራሷ ናት። ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ ያሉት ገበሬው አባቷ፣ ከማሳቸው አፈር ዘግና ስትሄድ «ምነው ልጄ፣ ከተማው አፈርም አጣ?» ይሏት ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነውና ሐሙስ ሐሙስ የውይይት ክበብ አለ። ካድሬው ጓድ ሰጠኝ «እያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራውን ከትግሉ ጋር አያይዞ ያስረዳ» ብሎ ወሰነና ተራው እሷ ላይ ደረሰ። ከአባቷ አፈር ያራባቻቸውን ባክቴሪያዎች ከነብልቃጣቸው ይዛ መጣች፤ ጥቂቱን መስታወት ላይ ጥቁር ቀለም ቀብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገች።

ጓድ ሰጠኝ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ።

«ሆዳቸው ውስጥ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ምንድን ነው?»

«ስንቅ ነው ጓድ። ስኳር እንደ ልብ ሰጥቼ ናይትሮጅን ስነፍጋቸው፣ የተረፋቸውን ስኳር ስብ ወደሚመስል ነገር ለውጠው ያከማቹታል።»

«ያከማቻሉ?» ቀና አለ። «አሻጥረኞች ናቸዋ! ምን እርምጃ ተወሰደባቸው?»

«እርምጃ» በዚያ ዘመን የሚያስቅ ቃል አልነበረም። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ይመኙሽ ከጠረጴዛው ሥር የጓደኛዋን የእጅጋየሁን እግር ረገጠች።

«ናይትሮጅን ይሰጣቸዋል» አለች እጅጋየሁ።

«አከማችተው ይሸለሙ?»

«ወደው እኮ አይደለም። ስኳሩ ቢትረፈረፍም ያለ ናይትሮጅን ሰውነት መሥራትም መብዛትም አይችሉም። ቆርቆሮ ገዝቶ ሚስማር ያጣ ሰው፣ ቆርቆሮውን ግቢው ውስጥ ከመከመር በቀር ምን ያደርጋል?»

አዘዞ መንገድ ያለው የጓድ ሰጠኝ ግቢ ቆርቆሮ እንደተከመረበት መክረሙን ያልሰማ ሠራተኛ አልነበረም። ይመኙሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከኋላ አንዱ የውሸት ሳል ሳለ።

ሰጠኝ አሰበ፣ አሰበና «ሚስማር እኮ ከገበያ ጠፍቷል» አለ ድምፁ ሳስቶ። «እንግዲያው ጥፋት የለባቸውም።»

ሳቁ ያኔ ፈነዳ። እሱም ሳይወድ ሳቀ። እጅጋየሁ ግን ኮስተር እንዳለች ብልቃጡ ውስጥ ጥቂት የአሞኒየም ጨው ጨምራ «ነገ መጥተው ይዩ» አለችው።

በማግስቱ ብቻውን መጣ። ነጠብጣቡ ጠፍቶ፣ ባክቴሪያዎቹ ቀጥነው መስታወቱን ሞልተውታል።

«ስንቁ የት ገባ?»

«በሉትና በዙ።»

«ማን አዘዛቸው?»

«ማንም። የጎደላቸውን ሲያገኙ በራሳቸው አወጡት።»

ሰጠኝ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ፤ ጠጋ አለና «ይቺን እንኳ ስብሰባ ላይ አታንሻት» አላት በሹክሹክታ።

«እሺ ጓድ።»

የሚቀጥለው ሐሙስ ተራ የልብስ አጣቢዎቹ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ሳሙና ካዩ ቆይተዋል።