ጌታው መጣች

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ጥሩዬ ግን ቂሟን ይዛ ትጸልይ ነበር፤ እኔ እንዳየሁት ጸሎቷም ደርሶላታል። ይህን የምለው ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ከምግብ ቤቷ ጋር ግድግዳ የምጋራው ልብስ ሰፊ ነኝ። ይቅር ባይ ሰው እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። ይቅርታ ያልጠየቀን ይቅር ማለት ግን ለእኔ በነጻ እንደ መስፋት ነው፣ አላደርገውም።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ቃል ነው። ጥሩዬ የገሱባ ልጅ ናት፤ አማርኛን የለመደችው ሶዶ መጥታ ሳህን እያነሳች ነው። በአቶ ሀብተሚካኤል ሆቴል አስተናጋጅ ሳለች፣ አንድ እሁድ አዳራሹ ለክርስትና ድግስ በመጡ እንግዶች ሞልቶ «ባለቤቱ የት አሉ?» ተብላ ተጠየቀች። ወዲያው አቶ ሀብተሚካኤል ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው በበሩ ብቅ አሉ። ጥሩዬ ደስ ብሏት በሙሉ ድምጿ፣ «ይኸው፣ ጌታው መጣች!» አለች።

«መጡ» ማለት ነበረባት። እኛ አገር ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ማድረግ ብርቅ አይደለም፤ በወላይትኛ አፉን የፈታ ሰው አማርኛ ሲናገር ያመልጠዋል፣ ሰሚውም ያልፈዋል። ያን ቀን ግን አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያን የሚያህል ጢም ያላቸው ሰው «መጣች» ሲባሉ ማን ይችላል? አቶ ሀብተሚካኤል እዚያው እንግዳ ፊት ሽርጧን አስወለቋት።

«በገዛ ቤቴ ሴት አደረግሽኝ! ቋንቋ ሳትችይ ሰው ፊት ማን አቆመሽ?» ብለው አባረሯት።

ይህም አልበቃቸው። ለሌሎቹ ሆቴል ቤቶች እየደወሉ እንዳትቀጠር አደረጉ። ዋና አስተናጋጃቸው አድነው ደግሞ ድምጿን አስመስሎ «መጣች!» እያለ እንግዳ ማሳቅ ጀመረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሏ ከተማውን ዞረ፤ ባጃጅ ነጂው ሁሉ በስሟ ፈንታ «መጣች» ይላት ነበር። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ገሱባ ገባች።

እዚያ ዳጣ መሥራት ያዘች። ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ስትወቅጥ ማንን እያሰበች እንደነበር እሷም አልደበቀችኝም። ዳጣዋ ግን እንባ እያስወረደ እንኳ «ጨምሩልኝ» የሚያሰኝ ሆነ፤ የሶዶ ሥጋ ቤቶች ተሻሙበት። በመጨረሻ ከእኔ ግድግዳ ወዲያ ያለውን ቤት ተከራየችና ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ምግብ ቤት ልትከፍት ሠራተኛ መፈለግ ጀመረች።

ዲፕሎማ የያዙ ወጣቶች በሯ ላይ ተሰለፉ። አንዱንም አልወሰደችም።

«ልጆቹ ጥሩ ነች» አለችኝ፤ «እኔ ግን የእሱን ሰዎች ነው የምፈልገው።»

መጀመሪያ ያመጣችው ብርቄን ነው። ብርቄ የአቶ ሀብተሚካኤል ወጥ ሠሪ ናት፤ ሆቴሉ ስሙ የቆመው በእሷ እጅ ነበር። ጥሩዬ ስትባረር ማድ ቤት ውስጥ አብራት ያለቀሰች እሷ ብቻ ስለነበረች፣ በአንድ ቃል መጣች። አቶ ሀብተሚካኤል ንዴታቸውን የተወጡት በአድነው ላይ ነው። ደንበኛ ፊት በጥፊ አጮሉት።

በማግስቱ አድነው ጥሩዬ ዘንድ ሥራ ልጠይቅ ብሎ መጣ። እኔም መርፌዬን ጥዬ ገባሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። «አባርሪው!» ስላት ሰማኝ። እሷ ግን ጊፋታ ደርሶባታል፤ በከተማው ውስጥ ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይደናገር የሚያስተናግድ ከእሱ ሌላ የለም። የመክፈቻዋ ቀን ቤቷ ከተዘበራረቀ ሶዶ ለሁለተኛ ጊዜ ሊስቅባት ነው።

«እንዴት ነበር የምትይው?» አለችው። «በይልኝ።»

አድነው መሬት መሬት እያየ፣ «መጣች» አለ በሹክሹክታ።

«ጮክ በይ! ያኔ ጮክ ትይ ነበር።»

«መጣች!» አለ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

«ተቀጥረሻል። እዚህ ቤት ለሚገባ ሰው ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እንዲህ ብለሽ ወደ ማድ ቤት ትጣሪያለሽ።»

ከበሩ በላይም «መጣች ምግብ ቤት» የሚል ታፔላ ሰቀለች።

የጊፋታ ሰሞን አድነው «መጣች!» ባለ ቁጥር ይሸማቀቅ ነበር። ሰዉ ግን ወደደው። ሹፌሩም፣ መምህሩም፣ ክራቫት ያሰረው የቢሮ ኃላፊም በር ላይ ቆሞ «መጣች» እስኪባል ይጠብቃል፤ ካልተባለ ያኮርፋል። ውሎ አድሮ አድነው ራሱ ደረቱን ነፍቶ ይጣራ ጀመር።

በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አቶ ሀብተሚካኤል ገቡ። ሆቴላቸው ጭር ብሏል። አድነው ሳህን እንደተሸከመ፣ ከልማዱ ብዛት፣ «ጌታው መጣች!» ብሎ ለቀቀው። ወዲያው ያ የድሮው ሳቅ፣ ያው ራሱ ሳቅ፣ ፈነዳ። አቶ ሀብተሚካኤል ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ ቢሆንም የመጡበት ጉዳይ ነበራቸውና ዋጡት።

«ጥሩዬ፣ ልጄ፣ የድሮውን እንርሳው» አሉ። «ብርቄን እንኳ መልሺልኝ።»

እንርሳው! የወጋ ቢረሳ የተወጋ መች ይረሳል? «ይቅርታ» የምትለዋ ቃል ከአፋቸው እንደምትወጣ ጠበቅሁ። አልወጣችም። ጥሩዬም ስትጠብቅ አየኋት። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ አድነው ዞረች።

«ተሳስተሃል፣ አድነው» አለችው፣ አንዲት ፊደል ሳትስት። «ለእሳቸው ‹መጡ› ነው የሚባለው። ‹መጣች› የምንለው የቤታችንን ሰው ነው።»

የሚስቅ ጠፋ። አቶ ሀብተሚካኤል ባርኔጣቸውን ደፉና ወጡ። አድነው በሩን በአክብሮት ከፍቶ ሸኛቸው፤ ከዚያም ወደ ማድ ቤት ዞሮ፣ «ሄዱ!» አለ።