ጳጉሜን በፓስፊክ የታጠብን ጠዋት

ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነው። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ፤ እንግሊዝኛውን ከአሮጌ ጋዜጣ፣ ሞተር መፍታቱን ኦክላንድ ውስጥ ከተጣለ መኪና ላይ። ሰባን ካለፍኩ ብቆይም፣ ሳን ሊያንድሮ ሰፈራችን ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት አንድ የአገሬ ልጅ፣ ጎረቤቴ፣ የተከራየውን አርቪ፣ ያንን አልጋና ምድጃ ያለውን ረጅም መኪና፣ ወደ ግቢው ማስገባት አቅቶት ሲንገላታ አየሁ። ቁልፉን ተቀብዬ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አስገባሁለት።

"የት ተማሩት ጋሼ?" አለኝ።

ነገርኩት። ግማሹን ግን አስቀረሁ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ወጣት ሳለሁ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። ሙሉጌታ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራ ስለነበር ቆሞ ሲያንቀላፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሽ ኢድሪስ የምጽዋ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡናል፤ ኦክላንድ አፕታውን ሰፈር፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥቡ ነበር። እኔ ሄይዋርድ፣ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ለሌበር ዴይ፣ ለአሜሪካ የሠራተኞች በዓል፣ ሦስታችንም ኦፍ ስናገኝ አለቃዬ አርቪውን አዋሰኝ። ሞተሩን የጠገንኩለት እኔ ነበርኩና እንዴት እምቢ ይላል? ሽርሽር አላማረንም። መተኛት ነበር የፈለግነው።

ወደ ሰሜን፣ ባሕር ዳር ወዳለ ብሔራዊ ፓርክ ነዳሁ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በግራ ገደልና ባሕር፣ በቀኝ በፀሐይ የነጣ ሣር። ደርሰን ቀዝቃዛ ሽሮ በዳቦ በላንና፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ ተኛን።

በማግስቱ ጠዋት ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር። ሙሉጌታ ፎጣ ይፈልጋል።

"ምነው?" አልኩት።

"ጳጉሜ ገብታለች እኮ። ታጥቤ ይህን ድካም ልጣለው።"

"ወንዝ የታለና?"

"የወንዝ ሁሉ መድረሻ ደጃችን ተኝቶ ወንዝ ትለኛለህ?"

አገር ቤት በጳጉሜ ማለዳ ወንዝ ወርዶ የታጠበ ሰው ካመቱ ሕመም ይነጻል ይባላል። ጋሽ ኢድሪስ ግን ውሃውን ቆመው አዩትና "ይህ ባሕር እንደኛው አይደለም፤ አይገባም" አሉ።

አሸዋው መግቢያ ላይ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ሰሌዳ ነበር። "ምን ይላል?" ብሎ ሙሉጌታ ወደ እኔ ዞረ። አንባቢው እኔ ነኛ። ማዕበሉ ሳይታሰብ ሰው ይወስዳል፣ ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ ይላል። አነበብኩት፤ ገባኝም። ነገር ግን ሳህን አጣቢ ሳያነብ ካወቀው የእኔ ንባብ ምን ሊረባ ነው አልኩ በልቤ። "ለልጆች የተጻፈ ነው" አልኩት።

እስከ ጉልበቱ ገባ። በስመ አብ ብሎ ሦስት ጊዜ ራሱ ላይ አፈሰሰ። ከዚያ ወንዝ ዳር እንዳለ ሰው፣ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ፊቱን ሊታጠብ አጎነበሰ። ማዕበሉ ከኋላው መጥቶ ጣለው፤ ሲመለስም ይዞት ሄደ። ጭንቅላቱ አንዴ ብቅ አለና ጠፋ።

ጋሽ ኢድሪስ ከነልብሳቸው ገቡ። "ቀበቶዬን ያዝ፤ እንዳትለቅ" አሉኝ። ዋና አልችልም። ውሃው ወገቤ ላይ ሲደርስ አሸዋው ከእግሬ ሥር እየተሸረሸረ ይሸሻል። ሁለት ጊዜ አመለጣቸው። በሦስተኛው ክንዱን ያዙት።

አሸዋ ላይ ጨው ውሃውን አስመልሶ ሲያበቃ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ "ጋሽ ኢድሪስ፣ ታጠብኩ?" አለ።

"ታጥበሃል። የቀረህ መሰጣት ነው።"

ለመሳቅ አቅም ያለው አልነበረም። ሙሉጌታ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ። "ሰሌዳው እውነት ለልጆች ነበር?"

"አዎ" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሳን ሆዜ ሄዶ ትዳር ያዘ፤ ልጆች ወለደ። ጋሽ ኢድሪስ ካረፉ ቆዩ። ከጎረቤቴ ተለይቼ ቤቴ ስገባ ያ "አዎ" ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

ያከናወንኩትን ልቁጠር። ያንን አርቪ ሳልቧጭረው መለስኩ። ዋና ሳልችል ቀበቶውን አልለቀቅኩም። በሃምሳ ዓመቴ፣ ያለ አስተማሪ፣ ዋና ለመድኩ። ትናንት ደግሞ ሳን ሆዜ ድረስ ነድቼ፣ ሙሉጌታ ፊት ቆሜ፣ ሰሌዳው ላይ የነበረውን አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩለት። ከሁሉም ያደከመኝ የኋለኛው ነው።