ቀላሏ ሽጉጥ

ባለፈው ቅዳሜ ንፋስ መውጫ ገበያ በቆዳ ሻጮቹ ተራ ሳልፍ ሞራ የጠጣ ቆዳ ሸተተኝና ባለሁበት ቆምኩ። የአያ ታከለ የሽጉጥ አፎት እንዲህ ነበር የሚሸተው። ጃንሆይ ወርደው፣ ደርግም ወርዶ፣ የእኔ አንጀት ዛሬም እንዳረረ ነው።

አያ ታከለ ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ወዲህ ማዶ ጎረቤታችን፣ የጓደኛዬ የስንዱ አባት ነበሩ። ጠመንጃ አልነበራቸውም። ከጣሊያን የተማረከች፣ ቀበቷቸውን የምታጎብጥ ጥቁር ሽጉጥ ግን ነበረቻቸው። ሴቶቹ «ታከለ ወፍጮ ታጥቆ መጣ» እያሉ ይስቁባቸዋል። እርሳቸው ግን ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ትንፋሻቸውን ለቀው ሲያልሙ የዚያች ወፍጮ አፍ ፈቀቅ አይልም ነበር።

መስቀል ዕለት፣ ደመራው ከነደደ በኋላ፣ ወንዶቹ ዛፍ ላይ በተሰቀለ ቅል ዒላማ ይተኩሳሉ። በዚያ ዓመት የወረዳው ገዥ ተገኝተው ነበር። ባለጠመንጃው ሁሉ ሲስት አያ ታከለ ቅሉን አፈረሱት። ገዥው ጥቁሯን ሽጉጥ ተቀብለው አገላበጡና ከወገባቸው የምታብለጨልጭ ትንሽ ሽጉጥ መዘው፣ «ይቺ ላንተ፤ ያንተ ለእኔ» አሉ። እልልታው ቀለጠ። ሽልማት ነዋ!

በማግስቱ አያ ታከለ ጓሮ ወጥተው በአዲሷ ሽጉጥ ሌላ ቅል ሞከሩ። ቅሉ አልተነካም።

«ላባ እኮ ናት» አሉ ለሚስታቸው። «ልቤ በመታ ቁጥር አፏ ይዘላል። ያቺ ክብደቷ እጄን ትይዝልኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አይመልሱላቸውም?»

«የገዥ ሽልማት ይመለሳል? ናቀኝ ብለው ከርስቴ ቢያስነቅሉኝስ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

አፎቷን ሞራ ቀብተው ታጠቋት።

ኅዳር ላይ ገብስ ስንወቃ ከስማዳ በኩል ያበደ ውሻ መጣ። ለሃጩን እያዝረከረከ አውድማውን አቋርጦ እብቅ ወደምታፍሰው ወደ ስንዱ ሮጠ። ቀና ስትል እግሯ ተሳሰረ። አያ ታከለ መዘው ተኮሱ። ከውሻው ማዶ አቧራ ጨሰ። ደገሙ፤ አሁንም አቧራ ብቻ። ከዚያ ልጃቸውና ውሻው ተያያዙ፤ አያ ታከለ እርሷን እንዳይመቱ ፈርተው ክንዳቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። አባቴ በመንሽ ሲገድለው ባቷን ነክሷት ነበር።

ከጠበል ጠበል ይዘዋት ተንከራተቱ። በመጨረሻ ውሃ ስታይ ትጮኸው የነበረውን ጩኸት ልጽፈው አልፈልግም። ስንዱ ጥምቀትን አላየችም።

ለቅሶው ላይ ገዥው መጡ። ለቀስተኛው ሁሉ ተነስቶ እጅ ነሳ። ያቺ ጥቁር ሽጉጥ ወገባቸው ላይ ተንጠልጥላለች፤ ሲተኩሱባት ያየ ሰው የለም፣ ለጌጥ ናት።

«እግዜር ያጥናህ፣ ታከለ።»

አያ ታከለ ዓይናቸውን ከገዥው ወገብ ሳይነቅሉ ጎንበስ ብለው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አሉ። ያን ጊዜ ገዥውን የጠላሁትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

ከአርባዋ በኋላ አያ ታከለ እርሳስ አቅልጠው ክብደት እንዲሆናት በቀላሏ ሽጉጥ አፈሙዝ ሥር በጠፍር ጠፈሩት። ጓሮ ወጥተው ቅሉን መሐል ለመሐል በሱት። እልል ያለ የለም። እርሳቸውም ዳግመኛ አልተኮሱም።

ወራሽ ልጅ ስላልነበራቸው ሲሞቱ ሽጉጧ ለአባቴ፣ ከአባቴም ለእኔ ተረፈች። ቅዳሜ ከገበያ እንደተመለስኩ ከነእርሳሷ ከሳጥን አውጥቼ ክንዴን ዘረጋሁ። ሰሞኑን ስኒ መያዝ ያቃተው የአሮጊት እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያዘችልኝ።